የመኪና አደጋ ሲያጋጥማችሁ፦ ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ

መጀመሪያ የራሳችሁን መኪና ከመንገድ አውጥታችሁ አቁሙ። አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፤ ትሪያንግሉን ቢያንስ 50 ሜትር አርቃችሁ አስቀምጡ። አደጋው ኩርባ ላይ ከሆነ ምልክቱ ከኩርባው በፊት ይሁን። ትሪያንግል ከሌለ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ያገለግላል። ድንጋይ ግን አትደርድሩ፤ ሰው ሲበተን እዚያው ይቀርና ማታ ሌላ አደጋ ያመጣል። የተጋጨውን መኪና ሞተር አጥፉ፤ የእጅ ፍሬኑን ያዙ። አንዱ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ሌላው ለፖሊስ 991 ይደውል።

ከሚጮኸው ይልቅ ዝም ያለውን ቀድማችሁ እዩ። የሚጮህ ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል።

ደም

ደሙ እየተፈናጠረ ወይም ልብሱን እያራሰ ከሆነ ነጠላም ይሁን ሻሽ፣ ያገኛችሁትን ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፋችሁ ቁስሉን በመዳፋችሁ ተጫኑ፤ ክንዳችሁ ተዘርግቶ የሰውነታችሁ ክብደት ይረፍበት። ጓንት ከሌለ እጃችሁ ላይ ፌስታል አጥልቁ። ለ10 ደቂቃ አታንሡ። «ቆመ እንዴ?» ብሎ ገለጥ ማድረግ የረጋውን ደም ነቅሎ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቡበት፤ ጫናውንም ጨምሩ።

እጅ ወይም እግር ላይ ሆኖ በመጫን ካልቆመ ይታሰር። በሲባጎ፣ በሽቦ ወይም በቻርጀር ገመድ ግን አይሆንም፤ ቀጭን ነገር ሥጋውን ይቆርጣል እንጂ ደም ሥሩን በደንብ አይዘጋም። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጨርቅ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ጉልበትና ክርን ላይ አይሁን። ቋጠሮው ላይ ጠንካራ እንጨት አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም አዙሩት፤ እንጨቱ እንዳይፈታም እሰሩት። በጣም ያማል፤ ቢለምናችሁም አታላሉለት። የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ጻፉ፤ «8:20» ብቻ ሳይሆን «ቀን 8:20» ወይም «ሌሊት 8:20»።

ትንፋሽ

ራሱን ስቶ በጀርባው የተኛ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን ይዘጋዋል፤ ምልክቱ የሚያንኮራፋ የሚመስል ድምፅ ነው። አንገቱን ሳታጥፉ መንጋጋውን ከጆሮው ሥር በጣቶቻችሁ ወደ ፊት ግፉ። ካስመለሰው አንዱ ጭንቅላቱን ይያዝ፣ ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች ትከሻውንና ዳሌውን ይዘው ሁሉም በአንድ ቆጠራ ወደ ጎን ያዙሩት። የሞተረኛ ሄልሜት ትንፋሹን ካልከለከለ አይወልቅ። ውሃ አታጠጡ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ለቀዶ ሕክምናም ያስቸግራል።

ዳሌ

ደም ሳይታይ ፊቱ ነጥቶ ላብ ላብ ካለው ውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላል። ዳሌው ወይም ብሽሽቱ አካባቢ ካመመው አንድ ነጠላ አጣጥፋችሁ አጥብቃችሁ እሰሩለት። ቦታው ወገቡ አይደለም፤ ከቀበቶ በታች፣ የጭኑ አጥንት በጎን ጎላ ብሎ በሚዳሰስበት ነው። ዳሌውን እየነቀነቃችሁ አትፈትሹ። ጋቢ አልብሱት፤ የቀዘቀዘ ሰው ደሙ በቀላሉ አይረጋም።

ማጓጓዝ

መኪናው ካልተቃጠለና ሌላ መኪና ሊገጨው ካልሆነ አምቡላንስ እስኪመጣ ባለበት ይቆይ። አምቡላንስ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ፒካፕ ላይ ሳንቃ ወይም ፍራሽ አንጥፋችሁ አንገቱ ሳይታጠፍ አስተኙት። ባጃጅ የመጨረሻ ምርጫ ይሁን፤ ሰውየውን አጥፎ ነው የሚያስቀምጠው። ሆስፒታል ስትደርሱ አደጋው የደረሰበትን ሰዓት፣ እንዴት እንደተገጨ፣ ራሱን ስቶ እንደነበርና ደሙ የታሰረበትን ሰዓት ለተረኛው ሐኪም ንገሩ።