መዳባችሁ ቀይ ሆኖ እንዲሰነብት

«ጋሼ፣ ትናንት ቀይ ነበር፤ ዛሬ አረንጓዴ ሆነብኝ።»

ይህን ቃል በየዓመቱ እሰማለሁ። ተማሪው ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ይቆማል። የምሠራበት ላብራቶሪ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ከመሀል ከተማ ታክሲ ቀያይረው ነው የሚደርሱት። የሳምንት ልፋት በአንድ ሌሊት ሲበላሽ ማየት ያመኛል። ስለዚህ የመዳብ ናኖፓርቲክልን፣ ማለትም በናኖሜትር (በሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) የሚለኩ የመዳብ ቅንጣቶችን፣ ከኦክሲዴሽን (ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ከመበላሸት) እንዴት እንደምጠብቅ እንደማደርገው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ስሌት። 1 ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው የመዳብ ኩብ ውጫዊ ገጹ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያንኑ ኩብ 10 ናኖሜትር ጎን ወዳላቸው ትንንሽ ኩቦች ብትቆራርጡት ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ባለ 150 ካሬ አራት ግቢ ማለት ነው። ሽቦ ሆኖ ዓመታት የሚቆየው መዳብ ናኖ ሲሆን ቶሎ የሚበላሸው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ኩፕረስ ኦክሳይድ (ኦክስጅን ያነሰበት የመዳብ ኦክሳይድ) ይሆናል፤ ቆይቶ ኩፕሪክ ኦክሳይድ (ኦክስጅን የበዛበት)። ወርቅ ቢሆን ይህ ሁሉ ጭንቀት ባልኖረ። ብርም ከመዳብ የተሻለ ይታገሣል፤ ግን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀለም መሥራት የፈለገ ልጅ የብርን ዋጋ ከየት ያመጣዋል?

ሰው ሁሉ የሚፈራው አየሩን ነው። እኔ የምላችሁ ግን ውሃውን ፍሩት። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ክፍት ቢከር ውስጥ ያለ ውሃ በሊትር 7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይዟል። ትንሽ ይመስላል። ይህች ግን 56 ሚሊግራም ገደማ መዳብ ወደ ኩፕረስ ኦክሳይድ ለመቀየር ትበቃለች። ከታች በምነግራችሁ አሠራር የምናገኘው መዳብ ደግሞ ቢበዛ 64 ሚሊግራም ነው። አስቡት፤ ኦክስጅኑ ባልወጣለት አንድ ሊትር ውሃ መዳቡን ያጠበ ሰው ሥራውን በሙሉ ማለት ይቻላል በገዛ እጁ ለኦክስጅን ይሰጠዋል።

ስለዚህ ከውሃው ጀምሩ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ክሎራይዱ መዳብን ያጠቃል። ዲአዮናይዝድ (ጨዎቹ የወጡለት) ውሃ 20 ደቂቃ ያህል በደንብ አፍሉ። እዚህ የሚፈላው 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቴርሞሜትሩ 100 እስኪል አትጠብቁ። ከዚያ ናይትሮጅን እያንቧቀቃችሁበት ይቀዝቅዝ። ሳታንቧቅቁ ክፍት አድርጋችሁ ካቀዘቀዛችሁት ኦክስጅኑን መልሶ ይጠጣዋል። ናይትሮጅን ስትከፍቱ መስኮትም ክፈቱ። ሽታ የለውም፤ የታፈነ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

አሠራሩ ይህ ነው። በ50 ሚሊሊትር ውሃ 0.25 ግራም ኮፐር ሰልፌት ፔንታሃይድሬትና 1 ግራም ፒቪፒ (በውሃ የሚሟሟ ፖሊመር) አሟሙ። በሌላ 50 ሚሊሊትር ደግሞ 1.76 ግራም አስኮርቢክ አሲድ። ይህ ከመዳቡ በሞል፣ ማለትም በቅንጣት ቁጥር፣ 10 እጥፍ ነው፤ እጃችሁን አትሰብስቡ። አስኮርቢክ አሲድ ቫይታሚን ሲ ነው። ጁስ ቤት የተቆረጠ አቮካዶ እንዳይጠቁር ሎሚ ሲጨመቅበት አይታችሁ የለ? የእኛም ሐሳብ ከዚያ አይርቅም። አስኮርቢክ አሲዱ የተሟሟውን መዳብ ወደ ንጹሕ መዳብነት ከመለሰ በኋላ የተረፈው በጥበቃ ይቆያል። ፒቪፒው ደግሞ ቅንጣቶቹን ያለብሳቸዋል፤ እርስ በርስም አይጣበቁም።

የመዳቡን ፍላስክ በጎማ ክዳን ዝጉና 80 ዲግሪ ላይ እያማሰላችሁ ናይትሮጅን አሳልፉበት። አስኮርቢክ አሲዱን በመርፌ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ሰዓት ሳይሆን ቀለም ተመልከቱ። ሰማያዊው ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካንማ፣ በመጨረሻ ወደ ሸክላ ቀይ ይሄዳል። ብርቱካንማው ላይ የሚያቆም ልጅ ብዙ ነው። ያ ገና ኩፕረስ ኦክሳይድ ነው፤ ታገሡ። ሲሊንደሩን ቀኑን ሙሉ ከፍቶ ማቆየት አቅም ካልፈቀደ፣ የልደት ፊኛ ናይትሮጅን ሞልታችሁ በመርፌ ክዳኑ ላይ ሰኩት። ላስቲኩ ቀስ በቀስ አየር ስለሚያስገባ በየቀኑ ቀይሩት።

አሁን ብዙ ሥራ የሚሞትበት ቦታ ደረስን፤ እጠባው። እኔም የሦስት ሳምንት ሥራ ያጣሁት እዚሁ ላይ ነው። በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ቅንጣቱን ከፈሳሹ በሚለይ ማሽን) አዙሬ፣ ፈሳሹን ደፍቼ፣ ንጹሕ ውሃ ጨምሬ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ። ንጽሕና መስሎኝ ጠባቂዎቹን በሙሉ አጥቤ አወጣኋቸው። ፒቪፒውም ሄደ፤ አስኮርቢክ አሲዱም ሄደ። ማታ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማጥበው 0.01 ሞላር (በሊትር 1.76 ግራም ገደማ) አስኮርቢክ አሲድ ባለበት፣ ኦክስጅኑ በወጣለት ውሃ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት። ቱቦውን እስከ አፉ እሞላለሁ። ሴንትሪፊዩጁ እንደቆመ ወዲያው አወጣለሁ፤ ሻይ ጠጥቼ ልመለስ አልልም።

ማስቀመጫው ቡናማ ብልቃጥ ይሁን። እስከ አንገቱ ሙሉት፤ ከላይ የሚቀረው አየር ራሱ ጠላት ነው። ክዳኑን በፓራፊልም (በሚለጠጥ ሰም መሰል ፕላስቲክ) ጠቅልላችሁ 4 ዲግሪ ላይ አኑሩ። ፍሪዘር አይሆንም፤ በረዶው ቅንጣቶቹን ገፍቶ ያጣብቃቸዋል። መብራት ሲጠፋ ብልቃጦቹን ውሃ ሞልቼ ካበረድኩት ሃይላንድ አጠገብ፣ ክዳን ባለው ሣጥን አስቀምጣለሁ፤ በመሀላቸው ጨርቅ አደርጋለሁ።

ኤታኖል ውስጥ ካስቀመጥነው ይድናል የሚሉ አሉ። ኤታኖል ኦክስጅንን ከውሃ አብልጦ ያሟሟል። መጠቀም ይቻላል፤ ግን እሱንም በናይትሮጅን ካንቧቀቃችሁ በኋላ ነው። ዱቄት ከፈለጋችሁ በቫኩም አድርቁ። ተራ ኦቨን ያጠቁረዋል። ደረቁን ዱቄት ያለ ማስክ አትንኩ።

ቅንጣቶቹን ሲሊካ (የመስታወት ዓይነት ሽፋን) ማልበስ ጥሩ መከላከያ ነው። ለወርቅ የተጻፈውን አሠራር ግን እንዳለ አትውሰዱ። እዚያ ያለው አሞኒያ ኦክስጅን ባለበት መዳብን ያሟሟል። ፈሳሹ ደማቅ ሰማያዊ ከሆነ መዳባችሁ እየሄደ ነው።

ለመፈተሽ ዩቪ-ቪዝ (ፈሳሹ የትኛውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ የሚለካ መሣሪያ) በቂ ነው። ጤነኛ መዳብ ከ560 እስከ 590 ናኖሜትር ባለው ውስጥ ጉብታ ያሳያል። በሠራችሁበት ቀን ለኩ፤ በማግስቱና በሳምንቱም ድገሙ። ጉብታው ካጠረና ከተንጣለለ ኦክሲዴሽን ጀምሯል። ኤክስአርዲ (ክሪስታሉን በኤክስሬይ የሚለይ መሣሪያ) ካገኛችሁ ደግሞ፣ ኤክስሬዩ ከመዳብ የሚወጣ ከሆነ 43.3 ዲግሪ ላይ ያለው ጉብታ የመዳቡ ነው፤ 36.4 አካባቢ ብቅ ካለ ኩፕረስ ኦክሳይድ ገብቷል።

የተበላሸውን ሲንክ ውስጥ አትድፉት። ክዳን ባለው ጄሪካን አጠራቅሙና «የመዳብ ቆሻሻ» ብላችሁ ጻፉበት። ከእኛ በታች በአቃቂ ወንዝ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች አሉ።