ኢጎ ትዕቢት አይደለም፦ የስብዕና ንድፈ ሐሳቦችን ስናጠና የምንስታቸው ነገሮች

አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ድሬዳዋ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር ሳይኮሎጂ እናጠናለን። ፈተና ሲቃረብ ሁሉም የሚደናገሩት በእነዚሁ ነጥቦች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከሰፈር ወሬ የመጣ ነው። «አቦ፣ ተወው፣ እሱ ኢጎ አለበት» እንላለን፤ ትዕቢተኛ ነው ለማለት። የሳይኮአናሊሲስ መሥራች ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1923 የጻፈው ኢጎ ሌላ ነው፤ ከስብዕና ሦስት ክፍሎች አንዱ ነው። ኢድ «አሁኑኑ እፈልጋለሁ» ይላል። ሱፐርኢጎ «ነውር ነው» ይላል። ኢጎ ሁለቱን ከገሃዱ ዓለም ጋር የሚያስማማ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ኢጎው ጠንካራ የሆነ ሰው ራሱን መግዛት የሚችል ነው።

ሁለተኛው፣ የአእምሮን መከላከያ ዘዴዎች፣ ማለትም አእምሯችን ከሚከብደው ስሜት ራሱን የሚጠብቅባቸውን መንገዶች፣ እንደ ውሸት መቁጠር ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ትራፊክ ቀጣው እንበል። እዚያ ዝም ይላል። ሳቢያን ቤቱ ሲገባ ግን ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ልጆቹ ላይ ይጮኻል። ንዴቱን አዛወረው። እያታለለ አይደለም፤ ከልቡ ያናደደው ወጡ ይመስለዋል። ሰውየው ሳያውቀው መሆኑ ነው ዋናው ነጥብ። ይህን የዘለለ ተማሪ ስለ ስውር አእምሮ፣ ሳናውቀው ስለሚሠራው የአእምሯችን ክፍል፣ ምንም አልያዘም።

ከፍሮይድ ጋር ይሠሩ የነበሩትን ዩንግንና አድለርን «የፍሮይድ ተከታዮች» ብሎ ማለፍም አያዋጣም። አድለር እ.ኤ.አ. በ1911፣ ዩንግ በ1913 ተለይተውታል፤ የተለያዩትም በሐሳብ ነው።

በጣም የሚቆጨኝ ማስሎ ነው። ሁሉም የሰው ፍላጎቶች ከታች ወደ ላይ የተደረደሩበትን ፒራሚዱን ይሸመድዳል። እ.ኤ.አ. በ1943 ጽሑፉ ላይ ግን ፒራሚድ የለም። አንዱ ፍላጎት መቶ በመቶ ሳይሟላ ቀጣዩ አይመጣም አላለም። እንዲያውም ለማሳያ ያህል ቁጥር አስቀምጧል፦ አንድ ሰው የሰውነት ፍላጎቱ 85፣ ደህንነቱ 70፣ ፍቅሩ 50፣ ክብሩ 40፣ ራስን እውን ማድረጉ (ያለውን አቅም አውጥቶ መኖሩ) 10 በመቶ ተሟልቶለት ይሆናል። የተለካ ውጤት አይደለም፤ ግን ሐሳቡን ያሳያል። ቀፊራ ጉሊት ላይ የምትውለውን እናት ተመልከቱ። የዕለት ጉርሷ ሳይሞላ እቁብ ትጥላለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች፣ ልጇ ሲመረቅ የምትለብሰውን ቀሚስ ታስባለች። ድሃ ስለ ክብር አያስብም ብሎ የጻፈ ተማሪ ማስሎንም እሷንም በድሏል።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ሮጀርስ «ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል» ሲልም ሁሉን ነገር ማጽደቅ ማለቱ አይደለም። «እህትህን መምታትህ አስቆጥቶኛል፤ አንተን ግን እወድሃለሁ» የምትል እናት ገብቷታል።

የመጨረሻው ስህተት የራሴ ነው። እንደተማርኩ ሰሞን እህቴ አልቅሳ ስታጫውተኝ «ይሄማ ፕሮጀክሽን ነው» አልኳት። የራሷን ስሜት ሌላ ሰው ላይ እየለጠፈች ነው ማለቴ ነበር። ዝም አለች። ለብዙ ጊዜ ምንም አልነገረችኝም። አሁን ተማሪዎቼን ቃሉን ከመጥራታቸው በፊት «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ አደርጋለሁ።