ከእሸት በቆሎ ልጣጭ ወረቀት እንዴት ይሠራል?

ወሎ ውስጥ «የእርሻ ተረፈ ምርት» ብሎ ነገር በቀላሉ አይገኝም። የጤፍ ጭድ የከብት ቀለብ ነው፤ ለጭቃ ምርጊትም ይፈለጋል። የማሽላ አገዳ ይነዳል፣ አጥር ይሆናል፣ ይበላል። ከላም አፍ ተሻምቶ ወረቀት መሥራት ደግሞ አያዋጣም፤ ደስም አይልም። እኔ የምመክረው የእሸት በቆሎ ልጣጭን ነው። ክረምቱ ሲያበቃ በደሴና በኮምቦልቻ መንገዶች ዳር እሸት የሚጠብሱ እናቶች አጠገብ ተከምሮ ታገኙታላችሁ። ጠይቁና ማዳበሪያችሁን ሙሉ።

መጀመሪያ ልጣጩን አድርቃችሁ መዝኑ። 1 ኪሎ ግራሙን በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር ቆራርጡና ሌሊቱን ዘፍዝፉት።

በማግስቱ 15 ሊትር ያህል ውሃ ውስጥ 200 ግራም ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት የሚባለውን ነጭ ዱቄት) በትኑና ልጣጩን ጨምሩበት፤ ጓንትና መነጽር አይለያችሁ። የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አትጠቀሙ፣ ሶዳው ይበላዋል። የማይዝግ ብረት ይሁን። ኮምቦልቻ ላይ ከ2 እስከ 3 ሰዓት መቀቀል ይበቃል። ደሴ ግን ወደ 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ጊዜ ጨምሩለት። ልጣጩ በጣት ሲሳብ ያለ ትግል ከተለያየ በስሏል። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቡት። ጥቁሩን ፍሳሽ ግን ወደ ቦርከና አትልቀቁት፤ ከወንዙ በታች የሚያጠጣና የሚያጥብ ሰው አለ። በሆምጣጤ አለዝቡትና ከውሃ ምንጭ የራቀ ጉድጓድ ውስጥ ድፉት።

አሁን ሙቀጫና ዘነዘና ይውጡ። የወረቀቱ ጥንካሬ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና አትቸኩሉ። ቆንጥራችሁ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ነቅንቁት፤ ጉብታ ከታየ ገና ነው፣ እንደ ደመና ከተበተነ ደርሷል። ጥቂት በጥሩ የተከተከተ ቃጫ ብትቀላቅሉበት ወረቀቱ ሲታጠፍ አይሰበርም።

የተወቀጠውን ልጣጭ ገንዳ ውስጥ ጨምራችሁ ውሃ ሙሉበትና አማስሉ። የመስኮት ወንፊት የተወጠረበትን የእንጨት ክፈፍ አጋድማችሁ አስገቡና ቀጥ አድርጋችሁ አንሡት፤ ውሃው ተንጠባጥቦ ሳያልቅ ግራና ቀኝ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁ። እርጥብ አቡጀዲ ላይ ገልብጡት፣ በሌላ አቡጀዲ ሸፍኑት፣ ደራርቡ። ክምሩን በሁለት ጣውላ መካከል በድንጋይ ጫኑት፤ በኋላ እያንዳንዱን ልሙጥ ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁ አድርቁ። ለጽሑፍ ከሆነ ቀጭን የስታርች ሙቅ ቀብታችሁ እንደገና አድርቁት፣ ቀለም እንዳይሰርግ።

ከ1 ኪሎ ግራም በኤ4 መጠን ከ30 እስከ 40 ወፍራም ወረቀት ይወጣል። ለደብተር አትሽጡት፤ ከፋብሪካ ወረቀት ጋር በዋጋ መወዳደር አትችሉም። የሰርግ ጥሪ ካርድ ላይ አተኩሩ። ልጣጩ እስከ ጥቅምት ይገኛል፣ የኅዳር ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሙሽሮች ደግሞ ለጥር ሰርግ በታኅሣሥ ካርድ ያሳትማሉ። ናሙናችሁን በኅዳር መጨረሻ ወደ ማተሚያ ቤቶች ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋጋ ስትቆርጡም ማገዶውንና የመውቀጫ ድካማችሁን አስቡበት።