ዘፈኑ ፈጥኖ ወይም ተጎትቶ ሲሰማዎት፦ ችግሩ ከማጫወቻው ነው፣ ከክፍሉ ወይስ ከጆሮዎ?

ለዓመታት የሚያውቁትን ዘፈን ከፍተው «ይሄ ነገር እንዲህ ይሮጥ ነበር እንዴ?» ብለው ያውቁ ይሆናል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቴፑን ይፈታል፣ ወይም ኮምፒውተር ላይ የፋይሉን ፍጥነት ያስተካክላል። እባክዎ አይቸኩሉ። የድሮ ካሴቶቻችን ወደ ዲጂታል እየተገለበጡ ባሉበት በዚህ ጊዜ፣ በስሜት ብቻ የሚደረግ ማስተካከያ ከባድ ጉዳት አለው። የተሳሳተው ቅጂ በየስልኩ ይዳረስና ድምፃዊዋ በራሷ ድምፅ ሳትሆን በማሽኑ ስህተት ትታወቃለች።

መጀመሪያ ይህን ይለዩ

በሸክላና በካሴት ላይ ፍጥነትና የድምፅ ቅጥነት አብረው ነው የሚሄዱት። ፍጥነቱ 6 በመቶ ሲጨምር ድምፁ በግማሽ ቶን ያህል ይቀጥናል። ስለዚህ ዘፈኑ ፈጥኖ ድምፁም ከቀጠነ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ክራርና ማሲንቆ እንደ ድምፃዊው ስለሚቃኙ ለዚህ ምርመራ አይረዱም፤ ፒያኖ፣ አኮርዲዮን ወይም ቫይብራፎን ያለበትን ዘፈን ይምረጡ። የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ለዚህ ተስማሚ ነው፤ የብረት ቁልፎቹ ለአንድ ዘፈን ተብለው አይቃኙም። ስልክዎ ላይ መቃኛ አፕ ይክፈቱና ኖቶቹ ሁሉ በእኩል መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ማለታቸውን ይመልከቱ።

ድምፁ ካልተለወጠ ምቱን ለአንድ ደቂቃ በሰዓት ይቁጠሩ፣ ከሌላ ቅጂ ጋርም ያወዳድሩ። ቁጥሩ ከተለያየ የማጫወቻው አፕ 1.25 እጥፍ ፍጥነት ላይ ተረስቶ ይሆናል፤ አፖች ድምፁን ሳያቀጥኑ ማፍጠን ይችላሉ። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ግን ማሽኑን ይተዉት።

ምልክት፦ ዘፈኑ ተጎትቷል፣ ድምፁም ወፍሯል

ካሴት የሚሄደው በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው። የቴፑ ቺንጋ ሲላላ ወይም ካሴቱን የሚስበው የላስቲክ ጎማ ሲቆሽሽ ይህ ፍጥነት ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜም ይዋዥቃል። ድምፁ የሚዋዥቅ ከሆነ ጎማውን በአልኮል ያጽዱ፣ ቺንጋውን ይቀይሩ። ሳይዋዥቅ ወጥ በሆነ መልኩ የሚዘገይ ከሆነ ብቻ ነው የሞተሩን ማስተካከያ መንካት።

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ አዲስ አበባ የተላከ የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሰው ትራንስፎርመር ገዝቶ 220ውን ወደ 110 ቮልት ያወርድና ችግሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ትራንስፎርመር ቮልቴጅ እንጂ ፍሪኩዌንሲ (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር፣ በኸርዝ የሚለካው) አይቀይርም። አሜሪካ 60 ኸርዝ፣ ኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ነው። የሞተሩ ዙር በዚህ የሚወሰን ማጫወቻ እዚህ 17 በመቶ ገደማ ይዘገያል፤ የሴት ድምፅ ወደ ወንድ ይጠጋል። መፍትሄው ለ50 ኸርዝ የተሠራ የሞተር መዘውር መግጠም ወይም ዙሩን በራሱ ኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር ማጫወቻ መያዝ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል ከሆነ፣ በሰከንድ በ48,000 ናሙና (ሳምፕል) የተቀዳው በ44,100 እየተነበበ እንደሆነ ይመልከቱ፤ 8 በመቶ ይዘገያል። የናሙና ቁጥሩን ብቻ ያርሙ፣ ድምፁን አይለጥጡ።

በጣም የምወደው ምርመራ ግን ሌላ ነው። በብዙ አሮጌ ቅጂዎች ላይ ከሥር «እምም» የሚል የመብራት ድምፅ አለ። አዲስ አበባ የተቀዳ ከሆነ 50 ኸርዝ ወይም እጥፉ፣ 100 አካባቢ መሆን አለበት። የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራም 53 ካሳየዎት ቅጂው 6 በመቶ ያህል ፈጥኗል። በጄኔሬተር የተቀዳ ከሆነ ግን ይህን አይመኑ፤ ሲገለበጥ የገባ አዲስ ድምፅም እንዳያሳስትዎት ይጠንቀቁ።

ምልክት፦ ቁጥሩ አንድ ነው፣ በአዳራሹ ግን ይጋፋል

ባዶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ያለው አዳራሽ ድምፅን ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ይይዛል። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን በየግማሽ ሰከንዱ ይመታል፤ ያለፈው ምት ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበታል። ፈጣን ዘፈን እንዲህ ባለ ቦታ የተጨናነቀ ይመስላል፤ ሙዚቀኞችም ለዚህ ነው ፍጥነታቸውን የሚቀንሱት። በተቃራኒው፣ ምንጣፍና መጋረጃ ባለበት ክፍል ወይም በጆሮ ማዳመጫ ትዝታን ሲሰሙ በኖቶቹ መካከል ያለው ዝምታ ራቁቱን ይቀራልና ዘፈኑ ይበልጥ የተጎተተ ይመስላል። መፍትሄው ወደ ስፒከሩ መቅረብ፣ ጨርቅና ምንጣፍ መጨመር ነው።

የሠርግ ድንኳን ውስጥ ከኋላ የሚያጨበጭቡት ሁልጊዜ የሚዘገዩት ምት ስለማያውቁ አይደለም። ድምፅ 34 ሜትር ለመሄድ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይወስድበታል። ከኋላ ስፒከር ካለ ድምፅ ተቆጣጣሪው በዚሁ ልክ ያዘግየው።

ምልክት፦ በስልክ ስፒከር ሌላ ዘፈን መሰለ

ትንሽ ስፒከር ቤዙንና የከበሮውን ጉልበት አያወጣም። በቺክቺካ ላይ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በስድስት ስምንተኛ የሚሄደው ይህ ምት በሁለት ትልልቅ ምቶች የሚሰማን ቤዝና ከበሮ ስለሚይዙልን ነው። እነሱ ሲጠፉ ጆሮ ትንንሾቹን ይቆጥራል። በአንድ ትልቅ ምት ውስጥ ሦስት ትንንሾች ስላሉ፣ ትልቁ ምት በደቂቃ 70 ከሆነ ትንንሾቹ 210 ናቸው። ሁለት ሰዎች አንዱን ዘፈን «ፈጣን ነው፣ ዝግ ያለ ነው» ብለው ቢከራከሩ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምት የሚለኩ አፖችም በዚሁ ይሳሳታሉ። ትልቅ ስፒከር ላይ አድርገው እግርዎ በየት እንደሚመታ ይከተሉ።

ምልክት፦ ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ዘገየ

ይህኛው ከራስዎ ነው። ሃድሰን ሆግላንድ የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው ሥራ፣ ባለቤቱ በትኩሳት ሳለች ሰከንዶችን እንድትቆጥርለት አድርጎ ትኩሳቱ ሲጨምር ቆጠራዋ መፍጠኑን አሳይቷል። የውስጡ ሰዓት ሲፈጥን የውጭው ይዘገያል። ከሩጫ ወይም ከጭፈራ በኋላ የሚሰሙት ዘፈንም እንዲሁ ሊንቀረፈፍብዎት ይችላል። ፈጣን ዘፈን ተከትሎ የመጣም ከልኩ በላይ የዘገየ ይመስላል፤ ድምፁ ከፍ ያለና ጥርት ያለ ደግሞ የፈጠነ ይመስላል። ሁለት ቅጂ ሲያወዳድሩ መጀመሪያ የድምፃቸውን ከፍታ (ቮልዩም) እኩል ያድርጉ፣ በመካከላቸው ጥቂት ደቂቃ በዝምታ ይቆዩ፣ ውሳኔውንም ለነገ ያሳድሩ።

ማስተካከል ግድ ከሆነ ያልተነካውን ቅጂ አያጥፉ፤ በተስተካከለው ፋይል ስም ላይ ስንት በመቶ እንደቀነሱ ወይም እንደጨመሩና በምን እንዳረጋገጡ ይጻፉ።