አሮጌዋ ሲጂ 125 ጉልበት ሲከዳት

ኪኩን ረግጣችሁ ረግጣችሁ ላብ በላብ ሆናችኋል። ስትነሳም ሚኒሞ አትይዝም፤ መብራት ላይ ስትቆሙ ጥፍት ትላለች። ዳገት ላይማ ሦስተኛ ማርሽ ይከብዳታል፣ ሁለተኛም ይከብዳታል፣ በአንደኛ እያቃሰተች ትወጣለች። ጋራዥ ስትወስዷት "ፒስተኑ አልቋል" ሊሏችሁ ይችላሉ። ሊሆንም ይችላል። ግን እጃችሁ ኪሳችሁ ከመግባቱ በፊት ቫልቮቹን እዩ፤ አንዱ አየርና ቤንዚን ያስገባል፣ ሌላው የተቃጠለውን ጋዝ ያስወጣል።

የምናወራው ስለ ሲጂ 125 ዓይነት ሞተር ሳይክል ነው። ሆንዳ ያወጣት እንደ ፈረንጆቹ በ1976 ነው፤ ከዚያ በኋላ ቻይናዎቹ ሞተሯን እየቀዱ በስንት ስም ሸጧት። ስለዚህ ጎኗ ላይ የተጻፈው ሌላ ቢሆንም የእናንተዋም እሷው ልትሆን ትችላለች። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሱት ከታች የሚገፉ ሁለት ዘንጎች ናቸው። እስከ ቴስታታው፣ እስከ ሞተሩ ራስ፣ የሚወጣ ሰንሰለት የላትም። "የቫልቭ ሰንሰለቷ ላልቷል" የሚላችሁ መካኒክ ካለ፣ ሞተሯን አያውቃትም ማለት ነው።

ቲክ ቲክ ትላለች

ከላይ፣ ከቴስታታው በኩል፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ምክንያቱ በቫልቩና በሚጫነው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት መስፋቱ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ቫልቩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ቶሎ ይዘጋል፣ አየሩም በደንብ አይገባም። ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል። መስተካከል አለበት፣ ግን አያስደነግጥም። ስስ ቲክቲክታ እንዲያውም የጤና ምልክት ነው።

ድምፅ የላትም፣ ግን አትነሳም

የሚያስፈራው ይሄኛው ነው። አንድ ጊዜ የእኔዋ ድምፅ አበዛች ብዬ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ከመንገድ ገና የገባችውን፣ እሳት የሆነችውን ሞተር ከፈተና ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ የቫልቮቹን ማስተካከያ ብሎን አጠበቀ። መለኪያ የለ፣ ምን የለ፣ በጆሮ ብቻ። ሲያስነሳት ጸጥ አለች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። በማግስቱ ጠዋት ግን ጉልበቴ እስኪያመኝ ረገጥኳት። ኪኩ ልስልስ ብሎ ይወርዳል፣ መልሶ የሚገፋኝ ነገር የለም። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ጠፍቷል።

ለምን? ክፍተት ከሌለ ቫልቩ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም። የሚቃጠለው ጋዝ በጠባቧ ቀዳዳ እየሾለከ ይወጣል። የማስወጫው ቫልቭ ሙቀቱን በብዛት የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ በሚያርፍባት ጊዜ ነው። ማረፊያ ከተከለከለ ጠርዙ ይቃጠላል። ከዚያ ወዲያ ማስተካከል አያድነውም፤ ቴስታታ ማውረድና ቫልቭ መቀየር ይመጣል።

ማንም ሳይነካው ራሱም ይጠብባል። ቫልቩ ከጊዜ ብዛት መቀመጫውን እየበላ ወደ ላይ ይገባል፣ ክፍተቱም ይጠፋል። ስለዚህ ድሮ ቲክ ቲክ ትል የነበረች ሞተር በራሷ ጊዜ ጸጥ ካለች ተሻላት ብላችሁ አትለፏት።

ማስተካከሉ

ሞተሯ አድራ የቀዘቀዘች ትሁን። ልኩ ለማስገቢያውም ለማስወጫውም 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይሄ ቁጥር የቀዝቃዛ ሞተር ነው።

ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፍቱ፤ ያኔ ሞተሩ ያለ ትግል በእጅ ይዞራል። የቴስታታውን ክዳን አንሱ። በግራ በኩል ደግሞ የቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) ክዳን ፍቱ፤ ትንንሽ ክብ ክዳኖች ካሏት እነሱ ብቻ ይበቃሉ። ቮላኖውን ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ አዙሩት። «ቲ» ከሚለው ፊደል ጎን ያለው ጭረት ሞተሩ አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር ሲገጥም ቁሙ። እዚያው አጠገብ «ኤፍ» አለ፤ እሱ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቦታ ነው። ስንቱ ሰው በ«ኤፍ» አስተካክሎ ሲረግማት ውሏል!

አሁን ሁለቱን የቫልቭ ክንዶች በጣት ነቅነቅ አድርጉ። ሁለቱም ትንሽ ከተንቀሳቀሱ ቦታው ትክክል ነው። አንዱ ተወጥሮ ከያዘ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩና እንደገና «ቲ» ላይ አቁሙ። ዙር ጨምራችሁም ያው ከያዘ፣ ክፍተት ያጣው እሱ ቫልቭ ነው ማለት ነው።

0.08 የሚለውን ስስ የመለኪያ ብረት በቫልቩ ጫፍና በማስተካከያው ብሎን መካከል አስገቡ። ስትስቡት፣ ከተከደነ መጽሐፍ ውስጥ ወረቀት ስትስቡ እንደሚይዛችሁ ያዝ ያድርግ። ካልሆነ ዳዶውን ላላ አድርጉ፣ ብሎኑን በትንሽ በትንሹ አዙሩ። ከዚያ ብሎኑ እንዳይዞር ይዛችሁ ዳዶውን አጥብቁና ዳግመኛ ለኩ። ይቺን ዳግመኛ አትዝለሏት፤ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ይዞራል፣ እኔ አንድም ቀን በመጀመሪያው ልክ መጥቶልኝ አያውቅም። በሲጋራ ወረቀት የሚለኩ አሉ። ወረቀት ይጨመቃል፤ የመለኪያው ዋጋ ከቫልቭ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

እኔ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ አየዋለሁ። ካስተካከላችሁ በኋላ ቶሎ ቶሎ የሚጠብ ከሆነ ግን ቫልቩ ወይ መቀመጫው አልቋል። ልኩን ጠብቃችሁም ኮምፕሬሽን ካልመጣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና ኪኩን ርገጡ። ጠንከር ካለ ያለቀው የፒስተን ፋሻ፣ ፒስተኑን የከበበው ቀለበት፣ ነው። ለውጥ ከሌለ ቫልቩ ነው።

ቫልቩ ልክ ነው፣ ዳገቱ ግን እምቢ አለ

ካንዴላውን እዩት። ጥላሸት የለበሰ፣ ጥቁርና ደረቅ ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አጽዱ፤ በአቧራ ወቅት ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ሌላው ጥፋተኛ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትርን ታልፋለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፋብሪካው 11 ያላት የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ ስምንት ይወርዳል፣ ይሄን የሚመልስ መካኒክ የለም። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው) ግን ለቀጭኑ አየር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ይሄኛው ይስተካከላል፤ የካርቡሬተሩን መርፌ የያዘችውን ቅንጥብ አንድ እርከን ወደ ላይ ማውጣት፣ ካልበቃ ዋናውን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር ማሳነስ። ወደ መተሐራና አዋሽ የምትወርዱ ከሆነ መልሱት። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚን ሲያንሳት ትግላለች፣ ፒስተንም ትይዛለች።

ፊልትሮውን አውጥቶ መንዳት የፈጣሪን አቧራ ሲሊንደር ውስጥ መጨመር ነው። ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) መብሳትም ጩኸት እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

ሰማያዊ ጭስ

ጠዋት ስትነሳ ብቻ አጭሳ ካቆመች ዘይት የሚያግደው የቫልቭ ጎማ ነው። ቤንዚን በሰጣችሁ ቁጥር የምታጨስ ከሆነ ፋሻው ነው። ያኔ "ፒስተኑ አልቋል" ያላችሁ ሰውዬ ጋ መመለስ ትችላላችሁ።