ማዘርቦርድ ከቀየርኩ በኋላ የጠፋው 8 ጊጋባይት ራም

ማዘርቦርዱን ቀይሬ ኮምፒውተሩን ሳስነሳው ከ16 ጊጋባይቱ ራም የሚታየው 8 ብቻ ሆነ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሞቹን ነበር። አንድ በአንድ እያወጣሁ ስሞክራቸው ግን ሁለቱም ደህና ናቸው። የማይሠሩት ከፕሮሰሰሩ ራቅ ያሉት ሁለቱ ማስገቢያዎች ነበሩ፤ የትኛውንም ራም ብሰካባቸው አይታይም።

ፍንጩ ይኸው ነው። በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ቻናል (ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኝ መስመር፤ እዚህ ላይ ራቅ ያሉት ሁለቱ ማስገቢያዎች) ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ ላይ በደንብ ተቀምጦ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪኩን ነቅዬ ፕሮሰሰሩ ላይ የተገጠመውን ማቀዝቀዣ ፈታሁት። አንደኛው ብሎን ከሌሎቹ ይልቅ ከመጠን በላይ ጠብቆ ነበር፤ ይህ ፕሮሰሰሩን በአንድ በኩል አብዝቶ ሊጫነው ይችላል። የሶኬቱን ፒኖች በባትሪ መብራት አየኋቸው፤ የታጠፈ የለም (እባካችሁ በጣት አትንኳቸው፣ በቀላሉ ይጣመማሉ)። ፕሮሰሰሩን መልሼ አስቀመጥኩት፣ አዲስ ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፍ ቅባት) ቀባሁ፣ ብሎኖቹንም በሰያፍ ተራ በተራ ጥቂት በጥቂት አጠበቅኋቸው። 16ቱም ጊጋባይት ተመለሰ! እፎይ አልኩ።

ራሞቹን መመሪያው እንደሚለው 2ኛውና 4ኛው ማስገቢያ ላይ ሰካኋቸው። ራም የሚፈትሸው ፕሮግራም ሜምቴስት 86 ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ አንድም ስህተት አላገኘም። ኤክስኤምፒን (ራሙን በተሠራለት ከፍተኛ ፍጥነት የሚያሠራውን ቅንብር) ያበራሁት ከዚያ በኋላ ነው።