የሶፍትዌር ዴሞ ለሁሉም ክፍት ይሁን ወይስ ይዘጋ?

ደንበኞች እንዲሞክሩት በኢንተርኔት ላይ የወጣ የሶፍትዌር ዴሞ ክፍት ይቆይ ወይስ ይዘጋ የሚለው ጥያቄ መወሰን ያለበት ሊንኩን ስንት ሰው ያውቀዋል በሚል ግምት ሳይሆን፣ ውስጡ ያለው መረጃ የማን እንደሆነና ከዴሞው ተነሥቶ ወዴት መድረስ እንደሚቻል በማየት ነው።

መጀመሪያ ዳታቤዙን ከፍተው ሰንጠረዦቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። እኔ በሠራሁበት የአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም ዴሞ ላይ፣ ዳታው ከዋናው ሲስተም ተቀድቶ የታካሚዎቹ ስም ቢቀየርም፣ በ09 የሚጀምሩት ስልክ ቁጥሮች እንዳሉ ቀርተው ነበር፤ አንድ ጎብኚ «አስታውስ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን መልእክቱ የደረሰው ለእውነተኛ ታካሚዎች ነው። ያልያዙት ቀጠሮ የደረሳቸው ሕሙማን ምን ያህል እንደሚደነግጡ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ከዋናው ሲስተም የተቀዳ የአንድ ሰው መረጃ እንኳ ከተገኘ ዴሞው በዚያው ቀን ይዘጋ፤ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ ወዲህ ነገሩ በሕግም የሚያስጠይቅ ሆኗል።

ቀጥሎ መውጫዎቹን ይፈትሹ። ኢሜይልና አጭር መልእክት መላኪያው ካልጠፋ፣ ማንም ሰው ፋይል መጫን ከቻለ፣ ወይም ዴሞው ከዋናው ሲስተም ጋር የይለፍ ቃል ከተጋራ፣ ዳታው የፈጠራ ቢሆንም አጭበርባሪዎች ሰርቨሩን ለራሳቸው ሥራ ያውሉታል።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ግን መዝጋቱን አልደግፍም። በአገራችን ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ማሰባሰቢያ ሶፍትዌር የሴራሊዮን ስም ባለው የማሳያ ዳታ ለዓመታት ለማንም ክፍት ዴሞ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ ሙድል የተባለው የትምህርት መስጫ ሶፍትዌር መሞከሪያም በየሰዓቱ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ፈቃድ መጠየቅ የሚያፍር ተማሪ ወይም በጀት የሌለው የወረዳ ባለሙያ ሶፍትዌሩን የሚያውቀው በእንዲህ ዓይነቱ በር ነው።

መዝጋት የግድ ከሆነ፣ የፍለጋ ድረ ገጾች እንዳይገቡ የሚጠይቀው የሮቦትስ ፋይል ማንንም ስለማያግድ አይተማመኑበት። ከሶፍትዌሩ መግቢያ ገጽ በፊት በሰርቨሩ ላይ የይለፍ ቃል ያስቀምጡ፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛም ጊዜው ሲያልፍ ራሱ የሚዘጋ አካውንት ይክፈቱለት። ከዚያም ከቢሮው ዋይፋይ ወጥተው፣ በስልክዎ ዳታ የድሮውን ሊንክና የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ፋይሎቹን አድራሻ ከፍተው ይሞክሩ።